ሽንኩርቱን ስትልጡት ሳሱለት፦ ፍላቮኖይድን ከሰኞ ገበያ እስከ ነጭ የደም ሴል የማድረስ መመሪያ

አክስቴ ጉልበቷን ያማታል። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ መጀመሪያ «ቢስሚላህ» ትላለች፤ ቀጥላ ጉልበቷን ትወቅሳለች። ደሴ ደግሞ ለጉልበት የተሠራች ከተማ አይደለችም። ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው «ከዕፅዋት ብቻ የተዘጋጀ፣ ብግነትን ድራሹን የሚያጠፋ» ብሎ ዱቄት ሸጠላት። በሁለት ቀን ሕመሙ ለቀቃት። ጎረቤቱ ሁሉ «ከየት አመጣሽው?» አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ፊቷ አምባሻ መሰለ፤ ስኳሯም ወጣ። ሐኪሙ ዱቄቱ ውስጥ ስቴሮይድ፣ ማለትም ብግነትን ቶሎ የሚያፍን ጠንካራ መድኃኒት፣ ተቀላቅሎ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። እንዲህ ያለ ማጭበርበር በብዙ አገር ተይዟል። የዕፅዋት ነው ተብሎ በሚሸጥ የመገጣጠሚያ መድኃኒት ውስጥ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ወይም ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ተገኝቶ ያውቃል።

ያኔ ቡና እያፈላች የጠየቀችኝን አልረሳውም። «ታዲያ ተክል ብግነት ያበርዳል የሚባለው ሁሉ ውሸት ነው?»

ውሸት አይደለም። ተክል ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚባሉ ውህዶች አሉ። የመከላከያ ሴሎቻችንን ቁጣ ያለዝባሉ። ግን በሁለት ቀን አይደለም፣ በተአምር ዱቄትም አይደለም። አብዛኞቹ ማድ ቤታችን ውስጥ አሉ። ችግሩ ገሚሱን ከልጣጭ ጋር እንጥለዋለን፣ ገሚሱን ከመቀቀያው ውሃ ጋር እንደፋዋለን። ከዚህ በታች ያለው ያንን ብክነት የመቀነሻ መንገድ ነው፤ ለአክስቴ በቃል የነገርኳትን ሰፋ አድርጌ ጻፍኩት።

1ኛ፦ መጀመሪያ ቁጣውን እወቁት

ቁስል «ተቆጣ» እንላለን። ድድ ይቆጣል፣ ጨጓራ ይቆጣል። ሐኪሞች ብግነት የሚሉትን ነገር አማርኛ ቀድሞ ስም አውጥቶለታል። መቅላት፣ መጋል፣ ማበጥ፣ ማመም፤ አራቱ አብረው ይመጣሉ።

ቁጣውን የሚያስነሱት የራሳችን ሴሎች ናቸው። ከቆዳችን ሥር፣ በአንጀታችን ግድግዳ፣ በሳንባችን ውስጥ ማክሮፌጅ የሚባሉ ሴሎች አሉ። ስማቸው «ትልቅ በላተኛ» ማለት ነው። ባክቴሪያ ሲያገኙ ይውጣሉ። ከመዋጥ ባልተናነሰ ግን ሥራቸው ሌሎችን መጥራት ነው።

ጥሪው እንዲህ ይካሄዳል። በሴሉ ውስጥ ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ነው የታወቀው። ነጋሪት ጎሳሚ ነው በሉት። በሰላም ቀን እጁ ታስሮ ከግቢው ውጭ ይቀመጣል። ያሰረው ሌላ ፕሮቲን ነው። የባክቴሪያ ቁራጭ የሴሉን በር ሲያንኳኳ አይ ኬ ኬ የሚባል ኤንዛይም ይነሳና አሳሪው ላይ ምልክት ያደርጋል። ምልክት የተደረገበት አሳሪ ይፈርሳል። ጎሳሚው ተፈትቶ ወደ ግቢው፣ ማለትም ጂኖቹ ወዳሉበት ወደ ሴሉ እምብርት (ኒውክለስ) ይገባል። ክተት ይታወጃል። ቲ ኤን ኤፍ አልፋ፣ አይ ኤል 6 እና አይ ኤል 1 ቤታ የሚባሉ መልእክተኞች ወደ ደም ይወጣሉ። ኮክስ 2 የሚባለው ኤንዛይምም ይመረታል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚያፍኑት እሱን ነው።

ፍላቮኖይዶች እዚህ ጋ ይገባሉ። ተክሉ ከፀሐይና ከተባይ ራሱን ለመጠበቅ የሚሠራቸው ናቸው። አጽማቸው 15 ካርበን፣ ሦስት ቀለበት ነው። ከ6,000 በላይ ዓይነት ተቆጥሯል። ስለ ብግነት ሲወራ ደጋግመው የሚነሱት ሦስት ናቸው፦ ኩዌርሴቲን፣ ሉቲዮሊንና አፒጄኒን። ላቦራቶሪ ውስጥ ማክሮፌጅ ላይ ሲደረጉ አይ ኬ ኬን ያዘገዩታል። አሳሪው ቶሎ አይፈርስም። ነጋሪቱ ይመታል፣ ግን ቀስ ብሎ ይመታል።

ሌላም በር አላቸው። አለርጂ ያለባችሁ ማስት ሴል የሚባለውን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በሒስታሚን የተሞላ ከረጢት ነው። ሲፈነዳ አፍንጫ ይፈስሳል፣ ዓይን ያሳክካል። ኩዌርሴቲንና ሉቲዮሊን ከረጢቱ በቀላሉ እንዳይፈነዳ ያደርጋሉ። ለአስም ይሰጥ የነበረው ክሮሞሊን የተባለ መድኃኒት መነሻው ኬላ የተባለ የግብፅ አካባቢ ተክል ነው፤ አሠራሩም ከፍላቮኖይድ ጋር ይዘመዳል። ተክል ለሐኪም ፍንጭ መስጠቱ አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎችም የሚረጩትን የሚያቃጥል ኦክስጅን በፍላቮኖይድ ፊት ይቀንሳሉ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ቁጣው ሁሉ ጠላት አይደለም። እሾህ ሲወጋን ጣታችን ካልተቆጣ ባክቴሪያው እጃችንን ይወርሰዋል። የምንፈልገው ነጋሪቱን መስበር አይደለም። ያለ ጦርነት ሌት ተቀን እንዳይጎሰም ነው።

2ኛ፦ ሳህን ላይ ያለውና ደም ውስጥ ያለው አንድ አይደለም

ይህን ክፍል መዝለል የሚያምራችሁ ካላችሁ አትዝለሉት። ዱቄት ሻጮች የሚያተርፉት እዚህ ጋ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ሴሎቹ ላይ የሚጨመረው ፍላቮኖይድ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮሞላር (ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል እንደሟሟ መለኪያ) ነው። ሽንኩርት በልተን ደማችን ውስጥ የምናገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ማይክሮሞላር በታች ነው። ልዩነቱ በማንኪያና በጆንያ መካከል እንዳለው ነው። በዚያ ላይ አንጀትና ጉበት ኩዌርሴቲኑን እንዳለ አያሳልፉትም። ሌላ ነገር ይለጥፉበታል፣ ጉልበቱን ያለሳልሱታል፣ ከዚያ ወደ ደም ይለቁታል።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ደስ የሚለው ነገር ይኸውና። የተቆጣ ቦታ ላይ ያሉ ማክሮፌጅና ኒውትሮፊሎች ቤታ ግሉኩሮኒዴዝ የሚባል ኤንዛይም ያወጣሉ። ያ ኤንዛይም ጉበት የለጠፈውን ልባስ ይገፈዋል። ስለዚህ በደም ውስጥ ተሸፍኖ የሚዞረው ኩዌርሴቲን፣ ቁጣው ባለበት ሰፈር ሲደርስ ልብሱን ያወልቃል። የተቆጣው ሴል ራሱ ማብረጃውን ይፈታዋል ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ከወንበሬ ተነስቻለሁ።

ከሽንኩርት የተገኘ ኩዌርሴቲን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ11 እስከ 28 ሰዓት ይፈጅበታል። ዛሬ የበላችሁት ነገ ላይ ገና አላለቀም። ነገ ስትደግሙት ይደራረባል። በሳምንት አንድ ቀን ኪሎ ሽንኩርት ከመጨረስ በየቀኑ አንድ ራስ የሚሻለው ለዚህ ነው።

3ኛ፦ ገበያ ላይ ምን ይመረጣል

ሰኞ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ የምትሸጠው እናት «አብሽር የኔ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ነው» አለችኝ። አንድ አይደለም። ቀለሙ ደመቅ ያለውን ቀይ ሽንኩርት ያዙ። ሲጨመቅ ጠንካራ፣ ልጣጩ ደረቅ፣ አንገቱ የከሰመ ይሁን። መቶ ግራም ሽንኩርት በግምት ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም ኩዌርሴቲን ይይዛል፤ ቀዩ ወደ ላይኛው ይጠጋል። ነጭ ሽንኩርት ሌላ ታሪክ ነው። ስሙ ወንድማማች ያስመስላቸዋል እንጂ የነጭ ሽንኩርት ጉልበት ድኝ ካላቸው ውህዶች ነው፤ ፍላቮኖይዱ ትንሽ ነው። ሁለቱንም ብሉ፣ ግን አንዱን በሌላው አትተኩ።

ቀጥሎ ቃሪያ። አረንጓዴ ቃሪያ ሉቲዮሊንም ኩዌርሴቲንም አለው። እየቀላ በርበሬ ሲሆን ፍላቮኖይዱ ይቀንሳል። እንግዲህ በርበሬ ወዳጆች አትቀየሙኝ። በነገራችን ላይ ፍላቮኖይድ ለጤና ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ የተነሳው ከዚሁ ከበርበሬ ዘመድ ነው። አልበርት ሰንት ጆርጂ የተባለው ሀንጋሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1936 ከባልደረቦቹ ጋር ከሎሚና ከሀንጋሪ ቀይ በርበሬ ያገኙትን ነገር «ቫይታሚን ፒ» ብለው ሰየሙት። በዓመቱ ኖቤል ተሸለመ፣ በዋናነት በቫይታሚን ሲ ሥራው። «ቫይታሚን ፒ» ግን ቫይታሚን ሆኖ አልቀጠለም። ሰው ባያገኘው ቁርጥ ያለ የጉድለት በሽታ አልታየበትምና ስሙ ቀረ።

የሐበሻ ጎመን ያዙ። ጠቆር ያለው፣ ቅጠሉ ያልከረረው ይሻላል። ብርቱካን ያዙ፤ ሄስፐሪዲን የሚባለው ፍላቮኖይድ በብዛት ያለው ነጩ ስስ ሽፋንና በክፍሎቹ መሐል ያለው ገለፈት ውስጥ ነው። ጭማቂ ቤት ሄዳችሁ ተጣርቶ ስትጠጡ ያን ትታችሁታል። ከቃሉ ቆላ የሚወጣው ቀይ ማሽላና ቀይ ጤፍም የራሳቸው ፍላቮኖይድ አላቸው። የነጭ ጤፍ እንጀራ የሀብታም ነው የሚለው ኩራት በዚህ ሒሳብ አይሠራም።

«ጫትስ?» ያለኝ ሰው አለ። ወሎ ነንና ይጠየቃል። አዎ፣ ጫት ውስጥም ፍላቮኖይድ ተገኝቷል። ግን ቅጠል ውስጥ ፍላቮኖይድ መኖሩ ቅጠሉን መድኃኒት አያደርገውም። አብሮት ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነው ልብን የሚያስጋልበው፣ እንቅልፍን የሚነሳው።

4ኛ፦ አቀማመጥ

አጭር ነው። ሽንኩርት በፌስታል አይታሰርም፤ ያልበዋል፣ ይበሰብሳል። በቅርጫት ወይም አየር በሚያስገባ ጆንያ፣ ከድንች ተለይቶ፣ ደረቅ ቦታ። እንዲህ ከተቀመጠ ኩዌርሴቲኑ ለወራት ብዙም አይጎድልም። ጎመንና ቃሪያ ግን የሁለት ሦስት ቀን ብቻ ግዙ።

5ኛ፦ ቢላዋውና ድስቱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው።

ሽንኩርት ስንልጥ አብዛኞቻችን ደረቁን ልጣጭ እናነሳና፣ ለጥንቃቄ ብለን ከሥሩ ያለውን ሥጋማ ንብርብርም ጨምረን እንጥላለን። እኔም እንዲህ ነበርኩ፤ መላጥ ይቀለኝ ነበር። ኩዌርሴቲኑ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ያ የጣልነው የመጀመሪያው ንብርብር ከሁሉም በላይ የያዘው ነው። ስለዚህ፦ ጫፍና ጫፉን በስሱ ቁረጡ። ለአንድ ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ከዚያ ደረቁን ብቻ በጣታችሁ ግፈፉ። ሥጋማው ንብርብር ከላይ ትንሽ ጠቁሮ ወይም ደርቆ ካገኛችሁት ያችን ቦታ ብቻ ፋቁ።

ደረቁ ልጣጭ ራሱ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ኩዌርሴቲን አለው። አይበላም፣ ግን ይቀቀላል። በደንብ አጥባችሁ፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥራችሁ የምስር ሾርባ ውስጥ ጣሉት። ሾርባው ሲበስል ቋጠሮውን አውጡ። ሾርባው ወርቅማ ይሆናል። በረመዳን ለማፍጠሪያ ይህን የሠራሁ ቀን ቤተሰቡ ቀለሙን አይቶ እርድ የጨመርኩ መሰለው። ሻጋታ ያለበት ልጣጭ ግን ይጣል።

ወጥ ላይ እድለኞች ነን። ቁሌት ሲቁላላ እሳቱ ትንሽ ይወስዳል፣ የቀረው ግን ድስቱ ውስጥ ነው፤ ውሃ አይደፋም። ፍላቮኖይድ ሙቀትን ከብዙ ቫይታሚኖች ይልቅ ይችላል። ጠላቱ የሚደፋ ውሃ ነው። ቁሌቱ እንዲሰክን እንጂ እንዲያር አትፍቀዱለት። ዘይት ጣል ማድረጉ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ኩዌርሴቲን ከቅባት ጋር የተሻለ ይመጠጣል። ጣል ነው ያልኩት።

ጉዳት የሚደርሰው ጎመን ላይ ነው። የለመድነውን ታውቁታላችሁ። ጎመኑን በብዙ ውሃ መቀቀል፣ ማጥለል፣ በመዳፍ እስኪንጠፈጠፍ መጭመቅ። ያ አረንጓዴ ውሃ ወደ ቦይ ሲወርድ ካምፕፌሮል የሚባለው ሌላ ፍላቮኖይድና ኩዌርሴቲን አብረው ይወርዳሉ። ደሴ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሀረጎን ወርደን ኮምቦልቻ በ94 ገደማ። ቶሎ አይበስልምና ረዘም አድርገን እንቀቅላለን። በረዘመ ቁጥር ብዙ ይወጣል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦

አንድ እስር ጎመን ቅጠል በቅጠል እጠቡ። መታጠቡ ከመከተፉ በፊት ይሁን፤ ከተከተፈ በኋላ ሲታጠብ የተቆረጠው ጠርዝ ይፈስሳል። ወፍራሙን አንጓ ለብቻ ክተፉ፣ ቅጠሉን ለብቻ። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት እስኪለሰልስ አቁላሉ። አንጓውን ጨምሩ፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱ፣ ክደኑ። አምስት ደቂቃ። ቅጠሉን ጨምሩ፣ ጨው በትኑ፣ እንደገና ክደኑ። ድስቱ ሞልቶ ይጨንቃችኋል፤ ሦስት ደቂቃ ታገሱት፣ ይወርዳል። ከዚያ በዝግ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በራሱ ውሃ ይብሰል። መጨረሻ ላይ ክዳኑን አንስታችሁ የቀረው ውሃ እዚያው ይድረቅ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እሳቱ ሊጠፋ ሲል። ምሬቱ ከከበዳችሁ ለጋ ጎመን ግዙ እንጂ አትጭመቁ።

ከሁሉም የሚቀለው ግን ስንግ ነው። ቃሪያውን ሰንጥቃችሁ ፍሬውን አውጡ። ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ጠብታ ዘይት ቀላቅላችሁ ሙሉበት። እሳት አላየም፣ ውሃ አልተደፋም። ከሽሮ ጋር ምን የመሰለ ነገር ነው!

6ኛ፦ የሚጠጣው

ጦስኝ። ከደጋ የሚመጣውን ደረቅ እስር ግዙ፤ ሥሩ ተነቅሎ የመጣውን ሳይሆን ከላይ የታጨደውን፣ ለከርሞም እንዲበቅል። ያ የሚያውድ ሽታ ቲሞልና ካርቫክሮል ነው፣ ፍላቮኖይድ አይደለም። ፍላቮኖይድ አይሸትም፤ ምላስ ላይ ጠረር የሚያደርግ ነገር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ስኒ ላይ፣ የፈላ ውሃ፣ መክደኛ፣ 10 ደቂቃ። ሉቲዮሊኑ እንዲወጣ ጊዜ ይፈልጋል። ወዲያው ብቅ አድርጎ መጠጣት ሽታ መጠጣት ነው።

ጤና አዳም ያለበት ቡና። ሩቲን የሚባለው ፍላቮኖይድ ስሙን ያገኘው ሩታ ከሚባለው ከጤና አዳም የላቲን ስም ነው። እናቶቻችን ሳያውቁት ስሙ ከተነሳበት ተክል ዘመድ ጋር ሲጠጡ ኖረዋል። ግን ሁለት ነገር። ሩቲን ላይ የተጣበቀው ስኳር ድርብ ስለሆነ በትንሹ አንጀት አይፈታም፤ ትልቁ አንጀት ደርሶ ባክቴሪያ ነው የሚፈታው። ስለዚህ ከሽንኩርቱ ያነሰ ይመጠጣል። ሁለተኛ፣ ጤና አዳም ቅመም ነው እንጂ ምግብ አይደለም። አንዲት ቅንጣቢ ስኒ ላይ ትበቃለች። ጨምቆ መጠጣት መርዝ ነው፤ ለነፍሰ ጡር በተለይ ማሕፀን ያኮማትራል። ትኩስ ጭማቂው ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲመታው ውሃ ይቋጥራል።

ቡናው ራሱ በዋናነት ክሎሮጀኒክ አሲድ ነው የያዘው፤ ጠቃሚ ነው፣ ፍላቮኖይድ ግን አይደለም። ሻይ ፍላቮኖይድ አለው። ጣጣው ብረት ነው። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከጎመኑና ከምስሩ የምናገኘውን ብረት ይይዝብናል። የደም ማነስ ያለባት ሴት ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ትታገስ። የብረት እንክብል በሻይ አይዋጥም።

7ኛ፦ ስንት፣ እስከ መቼ

በቀን አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ፣ አንድ አረንጓዴ ነገር፣ አንድ ፍራፍሬ። ይኸው ነው። የሁዳዴ ጾም ላይ ያለ ሰው ሳያስበው ከዚህ በላይ ይበላል።

ለውጡን ለማየት ደብተር ያዙ። ለአክስቴ የሰጠኋት ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው። ጠዋት ጉልበትሽ እስኪላወስ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ደረጃውን ስንቴ ቆመሽ ወጣሽ? ስምንት ሳምንት መዝግቡ። ካማራችሁ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ብግነት መኖሩን የሚያሳየውን ሲ አር ፒ የሚባለውን የደም ምርመራ ማሠራት ይቻላል፤ ጉበት በአይ ኤል 6 ትእዛዝ የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ጉንፋን ይዟችሁ ግን አታሠሩ፣ ሰማይ ይነካል፤ ሽንኩርቱን ትወቅሱታላችሁ።

8ኛ፦ «ጥናት አረጋግጧል» ሲሏችሁ

ሦስት ነገር ጠይቁ። በሴል ላይ ነው በሰው ላይ? ስንት ሚሊግራም? በስንት ጊዜ?

የሰው ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ከ65 እስከ 84 ዓመት የሆኑ 805 ወንዶችን ተከታትሏል። ከሻይ፣ ከሽንኩርትና ከአፕል ብዙ ፍላቮኖይድ ያገኙት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ነበር። ደግ ነው፤ ግን አብሮ መታየት ምክንያት መሆን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ግዙፍ የአሜሪካ ሙከራ ከ21,000 በላይ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለገሚሱ በቀን 500 ሚሊግራም የካካዋ ፍላቫኖል (የፍላቮኖይድ ዓይነት ነው) ሰጠ። ዋናው መለኪያ፣ አጠቃላይ የልብና የደም ሥር ችግር፣ በግልጽ አልቀነሰም። በልብና በደም ሥር በሽታ መሞት ግን ቀንሶ ታየ። እንዲህ ነው እውነተኛ ውጤት፤ ግማሽ ደስታ፣ ግማሽ «ቆይ እስቲ»።

መጠኑን በተመለከተ፣ በኩዌርሴቲን ሙከራዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በቀን 500 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ነው። በሽንኩርት ሲሰላ ከአንድ ኪሎ ከሩብ እስከ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው። ማንም አይበላውም። ስለዚህ በእንክብል የታየን ውጤት ለሽንኩርት መስጠት፣ የሽንኩርትን ደህንነትም ለእንክብል መስጠት ልክ አይደለም። የአረንጓዴ ሻይ እንክብል ለዚህ ምሳሌ ነው። ሻዩ ሲጠጣ ችግር የለውም፤ ካቴኪን ከሚባሉት ፍላቮኖይዶቹ ዋናው በእንክብል በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ግን ጉበት ላይ የጉዳት ምልክት ታይቷል።

ፍጥነቱ ደግሞ የአክስቴ ትምህርት ነው። በሁለት ቀን ጉልበት የሚያስዘልል «ዕፅ» ካገኛችሁ ዕፁን አይደለም የዋጣችሁት። ከረጢቱን ይዛችሁ ፋርማሲስት አሳዩ። እንዲህ ያለውን ዱቄት ለሳምንታት የወሰደ ሰው ደግሞ በራሱ ፈቃድ ድንገት አያቁም። ስቴሮይድ ካለበት፣ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ረስቶ ሰውየው ሊወድቅ ይችላል። እንዴት እንደሚቋረጥ ሐኪም ይወስን።

9ኛ፦ መድኃኒት ለሚወስዱ

ከድስት የሚበላ ሽንኩርትና ቃሪያ ለአብዛኛው ሰው አያስፈራም። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን የጎመኑን መጠን ከሳምንት ሳምንት አያለዋውጥ፤ ጉዳዩ ፍላቮኖይዱ ሳይሆን ቫይታሚን ኬው ነው። ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲን ወይም አቶርቫስታቲን የሚወስድ ከግሬፕ ፍሩት ይራቅ። ንቅለ ተከላ ተደርጎለት ሳይክሎስፖሪን የሚወስድ ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ የኩዌርሴቲን እንክብል አይንካ። ፕሬድኒሶሎን ወይም ሜቶትሬክሴት የታዘዘለት ሰው ይህን አንብቦ አንዲት ፍሬ እንኳ አይቀንስ። አክስቴ አሁን መድኃኒቷንም ትውጣለች፣ ስንጓንም ትበላለች። የጠዋቱ ደቂቃ ከ40 ወደ 25 ወርዷል ብላ ጽፋለች። ከመድኃኒቱ ይሁን ከስንጉ እሷም እኔም አንለይም።

ጉልበቱ በአንድ ሌሊት ካበጠ፣ ሲነካ ከጋለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለ፣ ወይም እግር መሬት መርገጥ ካቃተው፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ጦስኝ አይፈላም፣ «ነገ እናየዋለን» አይባልም። ባጃጅ ተጠርቶ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።